ፊቱን ከማስወጠሩ በፊት

ሰውዬው ቀጠሮ አልነበረውም። የክሊኒኩ ጥበቃ «ተራ ይያዙ፣ ጋሼ» ቢለው አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጋጨውና ገባ። ጥበቃው አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ሰውዬውን ሰፈሩ ሁሉ ይፈራዋል።

«ፊቴን ላስወጥር ነው» አለ፣ ወንበር ስቦ።

ነርሷ ቀና ብላ አየችውና እስክሪብቶዋ ቆመ።

ታውቀዋለች። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አባቷን ደጃፋቸው ላይ በብረት ቀጥቅጦ የገደለው እሱ ነው። ግብረ አበሩ እስር ቤት ሊሞት ሲያጣጥር ተናዞ ስሙን አውጥቷል። አምና ፖሊስ ያዘው። ግድያውን በዓይኗ ያየችው ግን እናቷ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ በመስታወት አሻግራ አየችውና «አይ፣ ይሄ አይደለም። በማላውቀው ሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም» አለች። ለቀቁት። እየሳቀ ሲወጣ ነርሷ ከጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። እሱ ዞር ብሎም አላያት።

ሠራተኞቹ ወዲያው «ከረጢቱ» የሚል ስም አወጡለት። ገና ፖሊስ ሳይዘው የጀመረው በሽታ ሰውነቱን ግማሽ አድርጎት ጉንጩ ከአገጩ በታች ተንጠልጥሏል። ሰው ብዙ ኪሎ ሲቀንስ እንዲህ ነው፤ ሥጋው ይሄዳል፣ ቆዳው ይቀራል።

«ላገባ ነው» አለው ሐኪሙን። «ልጅቷ የአያቷን ጓደኛ ያገባች እንዳይመስላት።»

ብዙ ሰው ፊት ማስወጠር ቆዳ መጎተት ብቻ ይመስለዋል። አይደለም፣ ሐኪሙም ይህን አልደበቀውም። «ከጆሮዎ ፊት ለፊት እቀድዳለሁ። ቆዳውን ከሥጋው አላቅቄ፣ ከሥሩ ያለውን ወደ ላይ እሰፋለሁ፣ ትርፉን ቆርጬ እጥላለሁ። ዕድሜ አያስቆምም። ሌላ ሰውም አያደርግዎትም፤ አሥር ዓመት ያህል ቢመልስዎት ነው። የድሮ ፎቶ ካለዎት ያምጡልኝ።»

«ፎቶ አልወድም። አንድም የለኝም።»

ማታ ነርሷ ለወንድሟ ነገረችው። ወንድሟ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ።

«ሲጋራና አስፕሪን እንዲያቆም የምትነግሪው አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«አትንገሪዋ! ዝም በይ ብቻ። ዝም ማለት ወንጀል አይደለም።»

እውነቱን ነው፤ ያለ ቢላ የሚገድል ዝምታ ነው። አስፕሪን ደም ያቀጥናል፤ የተሰፋው ሰው ከውስጥ እየደማ ይታፈናል። ሲጋራ ደግሞ የደም ሥር ያጠብባል፤ የተወጠረው ቆዳ ደም አጥቶ እንደ ከሰል ይጠቁርና ይበሰብሳል።

በማግስቱ ለሰውዬው ደወለችና አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ለሦስት ሳምንት በየቀኑ «ጋሼ፣ ዛሬስ አላጨሱም?» እያለች ጠየቀችው። የደም ግፊቱን ራሷ ለካች።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አላት ወንድሟ። «ሆድ ይፍጀው ብዬ ዘጠኝ ዓመት!»

«ታገስ። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ይውጣ።»

ወንድሟ አያትና ራሱን ነቀነቀ። የገባው መሰለው።

በቀዶ ሕክምናው ቀን የመሣሪያውን ትሪ የያዘችው እሷ ነበረች። ምላጩ ከጆሮው ፊት ወረደ። ቆዳው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተላቆ ተገለበጠ፣ ቀይና ቢጫ ሥጋ ወጣ። የአንገቱ ደም ሥር ከጣቷ ሥር ይዘላል። ከመቀሱ ጫፍ እስከዚያ ድረስ አንድ ጣት አይሞላም። ቆዳውን የያዘው እጇ ላላ።

«እህቴ፣ ያዢው እንጂ!» አላት ሐኪሙ።

ያዘችው።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የሰውዬው አንገት ማበጥ ጀመረ። ወንዶች ላይ ይህ ይበዛል፤ ጢም ያለበት ቆዳ ደሙ ብዙ ነው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። ዓይኑ ፈጦ አንጓዋን ጨበጠ፣ ጥፍሩ ሥጋዋ ውስጥ ገባ። በሩ ዝግ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ ቆመች።

ከዚያ መቀሱን አነሣች። ስፌቱን ከጆሮው ሥር እስከ አንገቱ ፈታችው፣ ደሙ ደረቷ ላይ ተረጨ። ሁለት ጣቷን ከቆዳው ሥር ከትታ የረጋውን ደም እየዛቀች፣ ሐኪሙ እስኪደርስ ጮኻ ተጣራች። ሰውዬው ተረፈ። ሐኪሙ እንደገና ሰፋው።

ማታ ወንድሟ በጥፊ መታት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

«አዳንሽው! የአባቴን ገዳይ በእጅሽ አዳንሽው!»

ደሟን ዋጠች። «እብጠቱ ይጉደል። ስድስት ሳምንት ስጠኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ትመጣለህ። የውጭው በር ላይ ትቆማለህ፣ እንዳያመልጥ።»

ወንድሟ ስድስቱንም ሳምንት ቢላዋውን ሳለ። እየሳለ ይቆጥራል፣ እየቆጠረ ይስላል።

ቀኑ ደረሰ። ሰውዬው እያፏጨ መጣ፤ ጥበቃውን በክርኑ ገፍቶት አለፈ። ከኪሎውም የተወሰነ ተመልሶለት ነበር። ነርሷ የአገጩን ማሰሪያ ፈታች፣ ጠባሳውን ጠረገች፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ አበጠረችለት። በመስኮቱ ወንድሟ ይታያታል፤ ቀኝ እጁ ከጃኬቱ ውስጥ ነው።

«እንዴት ነኝ?»

«ሐኪሙ የሚችለውን አድርጓል፣ ጋሼ። ይውጡና ሰው ይይዎት።»

ጉንጩን እየዳበሰ ተነሣ። በሩን ራሷ ከፈተችለትና ከኋላው ቆመች።

ኮሪደሩ ላይ ነርሷ ካስጠራችው መርማሪ ፖሊስ ጎን የተቀመጠችው እናቷ ሰውዬውን ስታይ ተነሥታ ጣቷን ቀሰረችበት፦ «እሱ ነው! ብረቱን የያዘው እሱ ነው!»