ንቄሽ ነው እንጂ!

ሕጉ ከወጣ ወዲህ ሁላችንም ደረታችን ላይ ትንሽ ሰሌዳ እንሰካለን። አፋችንን በከፈትን ቁጥር፣ በዚያች ቅጽበት የሚናገረው ልባችን ዕድሜው ስንት እንደሆነ በቁጥር ታበራለች። እኔ አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። በአንድ ንግግር ሦስት ዳኞች ያስለቀስኩ ጠበቃ ስለሆንኩ፣ አደባባይ ላይ ሰሌዳዬ መቶ አሥር አብርታ ታውቃለች።

ቤት ውስጥ ግን ትንፍሽ አልልም። በዚህ የተነሳ ባለቤቴ ውድነሽ ልትፈታኝ ለቅዳሜ ሽማግሌ ጠርታለች።

ዛሬ ከጓዳ ሆና «ና እስቲ ወዲህ!» አለችኝ። አባቴ ቀበቶውን እየፈታ የሚጠራኝ እንዲሁ ነበር።

«ምን አጠፋሁ?» የሚል ቃል አመለጠኝ። ሰሌዳዬ ሰባት አበራች።

«ኧረ ክዳን እንድትከፍትልኝ ነው!» አለች የማር ጠርሙስ ይዛ ብቅ ብላ። ቁጥሩን ስታይ ድምፅዋ ወረደ። «አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠራህ ዝም የምትለኝ ንቀኸኝ አልነበረም?»

«ንቄሽ ነው እንጂ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። አሁንም ሰባት።

«ማነው እንዲህ ያስፈራህ?»

ሦስት ቀን ሳላርፍ መናገር የምችለው እኔ፣ «አባባ» የምትለዋን አንዲት ቃል ለማውጣት አርባ አምስት ዓመት ፈጀብኝ።