ጩኸት የማይወድ ቤት

ስንዱ ከሥራ ስትመለስ በበሩ መስታወት አጮልቃ ባሏን አጥናፉን ወለሉ ላይ ተዘርሮ አየችውና እሪ አለች። በሩ ወዲያው ተቆለፈ።

«ጩኸት ተሰምቷል፤ ዘራፊ እንዳይገባ በሩ ተዘግቷል። እባክዎ ተረጋግተው ይናገሩ» አለ በድምፅ የሚታዘዘው ቤቱ።

«ባሌ ነው! ክፈት፣ አንተ ደንቆሮ!»

ቤቱ ያንኑ ደገመ።

ጎረቤቷ እትዬ ውብነሽ እየሮጡ ደረሱ። የእሳቸውም ቤት የሚናገር ነው፤ ግን ማንም ፈትቶ የሚጠግነው ዓይነት ስለሆነ፣ ጩኸት ሲሰማ በር የሚያስቆልፈውን ይህን ሕግ ልጃቸው ገና ድሮ አውጥቶ ጥሎታል። ስንዱ ግን «የኛን ከሠራው ኩባንያ በቀር ማንም አይነካካውም» እያለች ስትኮራ ነው የኖረችው።

«ለእሱ ስትይ ለቅሶውን ዋጥ አድርጊው፣ ልጄ» አሏት ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው።

ስንዱ እንባዋን ጠረገች። እንደ ወትሮው ለስለስ ባለ ድምፅ «መጣሁ» አለች።

በሩ ተከፈተ። መብራቱ በራ፤ አጥናፉ ለእሷ መምጫ የመረጠው ሙዚቃም ጀመረ።

እትዬ ውብነሽ ጎንበስ ብለው አንገቱን ዳሰሱት። «ቀድሞን ሄዷል» አሉ በሹክሹክታ።

ጎረቤቶች ደረጃውን እየሮጡ ሲወጡ ይሰማል። ስንዱ አንዴ እሪ ብትል በሩ ፊታቸው ላይ ይዘጋል። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ባሏን ታቅፋ፣ ያለ ድምፅ አለቀሰች።