አራተኛው አንቀጽ

መምህሩ ማመልከቻውን አንብቦላት ጨረሰና መነጽሩን አወለቀ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ መርፌ ስር የገባውን ጨርቅ በሁለት እጇ እንደያዘች ነው።

ሃያ ስምንት ዓመት ድርሰት አስተምሯል። ምን መቅደም፣ ምን መከተል እንዳለበት ያውቃል። ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት ልጁ የይቅርታ ማመልከቻ ሲጽፍ ሲሰርዝ ሳምንት ከረመ። የልጁን ጨዋነት ከፊት፣ እናቱ ገና በሕፃንነቱ መሞቷን ቀጥሎ፣ እስር ቤት የያዘውን የማይለቅ ሳል ከመጨረሻ አደረገ። ልጁ የልብስ ሰፊዋን ወንድ ልጅ መግደሉን ግን መሃል ላይ፣ የአንባቢ ዓይን በሚደክምበት ቦታ፣ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ሸሸገው። የቀረው የሟች እናት ፊርማ ነው። ያለ እሷ ፊርማ ማመልከቻውን የሚቀበል የለም።

«ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንጀት ይበላል። እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«ግን መምህር፣ ልጄን የት አደረጉት?»

«አለ እኮ። አራተኛው አንቀጽ ላይ…»

«ሰምቻለሁ። ‹በተፈጠረው ግጭት የሰው ሕይወት አልፏል› ይላል። የማን ሕይወት? እናት አልነበረውም?»

መምህሩ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ ሙሉ ውጤት ይሰጠው ነበር።

«እፈርማለሁ» አለች። «ከልጄ ከጀመሩ ነው የምፈርመው። ብዕርዎን ያውጡ።»

አወጣ። እሷ ተናገረች፣ እሱ ጻፈ። ልጇ ከሥራ መጥቶ አንድ ጫማውን ብቻ አውልቆ ነበር። በሩ ተንኳኳ። «ጓደኛዬ ነው፤ ሻይ ጨምሪ» አላት። ሦስተኛ ብርጭቆ ልታጥብ ወደ ጓዳ ገባች።

እጁ የለመደውን ሠራ፤ ዓረፍተ ነገሩን አሳጠረ፣ ትርፉን ቃል ጣለ። ገጹ ሲጋመስ ወደ ላይ ተመልሶ አነበበው። በዕድሜው እንዲህ ያለ መግቢያ ጽፎ አያውቅም። ይህን አንብቦ የሚምር ሰው አይገኝም፤ እሱ ራሱ ፈራጅ ቢሆን አይምርም። ያለዚህ ደግሞ ፊርማ የለም።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ ብናቆመውስ?»

«ኧረ ገና ነው» አለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። «በሩን ከፈተለት። አሁን የእርስዎ ልጅ ይገባል። ይጻፉ።»

መምህሩ «ልጄ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ እጁ አልታዘዘውም።