የዱባ ፍሬ

የቆርቆሮ የሕፃን ምግብ ዋጋው አይቀመስም፤ የልጅ ልጄን የማሳድገው በራሴ ምጥን ነው። አጃ፣ ገብስና ሽምብራ ቆልቼ፣ ሰው የሚጥለውን የዱባ ፍሬ ፈልፍዬ እጨምርበታለሁ። የዱባ ፍሬውን ማንም አላስተማረኝም፤ ከቤቴ ሰው በቀር የሚያውቀውም የለም። ባለቤቴ ዘውዱ ግን፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ልጁን የዶሮ መኖ ልታበዪው ነው?" እያለ ይስቅብኛል። ባለፈው ወር ወፍጮ ቤት ብልከው፣ ከልጄ የድሮ ዩኒፎርም የሰፋሁትን አረንጓዴ ከረጢት ከነዱቄቱ ታክሲ ላይ ረሳሁት ብሎ ባዶ እጁን መጣ።

ትናንት ወፍጮ ቤት፣ ከፊቴ አንዲት ልጅ እግር ሴት ሕፃን አዝላ ተሰልፋለች። ፌስታሏ ውስጥ ከአጃው ጋር የዱባ ፍሬ አየሁ።

"ይህን ማን አሳየሽ፣ የኔ ልጅ?"

"የልጄ አባት ነው፣ እትዬ። ለሕፃን ከዚህ የተሻለ የለም ይላል።"

"ጎበዝ ሰው ነው" አልኳት፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ተራዋ ሲደርስ የዱቄት መያዣዋን ከቅርጫቷ አወጣች። አረንጓዴ ነው፤ የዩኒፎርሙ ኪስ እንኳ አልተፈታም።

"ልጁ ከበደኝ፤ የከረጢቱን አፍ ያዙልኝ እትዬ" አለችኝ።

እስኪሞላ ያዝኩላት።