የፀዳለ ሙሽራ

ነገሩ የተጀመረው ጋራዥ ሲጸዳ ነው።

ዮዲ ከእናቷ ቤት ጋራዥ ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘች፤ ውስጡ ደብዳቤ ነበረበት። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ስለዚህ ሚልፒታስ መሥሪያ ቤቷ ወሰደችውና በምሳ ሰዓት ለሥራ ባልደረባዋ ለሲና ሰጠቻት። ሲና በዲቪ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው።

ሲና ጮክ ብላ አነበበች። "ፍቅሬ ፀዳለ፣ እዚህ ሰሜን ግንባር ሌሊቱ መድፍ፣ ቀኑ ጥም ነው። እኔ ግን አልሞትም። አንቺን ሳላገባ ብሞት ሞት ራሱ ይታዘበኛል። ይህን ጦርነት ጥዬ በሱዳን በኩል እወጣለሁ። አንቺና ወንድምሽ ቀድማችሁ ገዳሪፍ ጠብቁኝ። ያንቺው ደምመላሽ። ጥቅምት 1976።"

"ወይኔ! ይሄ ሰውዬ አባትሽ ነው እንዴ?"

ዮዲ ደብዳቤውን ተቀብላ አጠፈችው። አባቷ እሷ ሳትወለድ በጦርነት መሞቱን ብቻ ነው የምታውቀው። ስሙን መጠየቅ በዚያ ቤት ነውር ነው።

ፀዳለና ወንድሟ ገዛኸኝ በአንድ የስደተኛ ፎርም ኦክላንድ ከገቡ አርባ ዓመት አልፏል። ዮዲ በገቡ በአምስተኛው ወር ተወለደች። ፀዳለ በርክሌ ሆስፒታል አልጋ እያነጠፈች፣ ገዛኸኝ ታክሲ እየነዳ አሳደጓት። እሱ ሚስት አላገባም። "ለእህቱ ሲል ቀረ፤ እንዲህ ያለ ወንድም ይስጠን" ይላል ሰዉ። እውነትም ደግ ሰው ነው። ጆሮው ብቻ ያስቸግረዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ "ገዛኸኝ!" ካልተባለ ዞር አይልም።

በፀዳለም ላይ ሐሜተኛ የሚያነሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቅዳሴ የማታስቀር፣ ጾም የማትገድፍ መበለት ለምን አትቆርብም? መልሱንም ሰዉ ራሱ ሰጥቶታል፤ ትሕትና ነው ብሎ።

ቅዳሜ ዕለት ዮዲ መጣች። እናቷ ምስር ትለቅማለች፣ ገዛኸኝ ጀርባውን ሰጥቶ ሽንኩርት ይከትፋል። ደብዳቤውን ምስሩ ላይ ወረወረችው።

"ደምመላሽ ማነው?"

ገዛኸኝ ቀና አለ። ፀዳለ ግን አልደነገጠችም።

"የማገባው ሰው ነው።"

"ሞቷል አላልሽኝም?"

"ዋሸሁሽ።"

"ዋት? ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ?"

"የነገ ሳምንት እሑድ አብረን እንቆርባለን። ቄሱ 'ሳን ሆዜ፣ ሰው በማያውቅሽ ደብር፣ በሥራ ቀን ይሁንልሽ' ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ! እዚሁ ኦክላንድ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ እያየ ነው የምቆመው። ሰበካውም ይስማ፣ መንግሥትም ይስማ። ስፈራ አረጀሁ፤ አሁንስ በቃኝ።"

ዮዲ ደሟ ፈላ። "አርባ ዓመት ሙሉ የት ነበር? ቢስክሌት ያስተማረኝ ጋሼ ገዛኸኝ ነው። ቺክን ፖክስ ሲይዘኝ ሥራውን ጥሎ ያስታመመኝ ጋሼ ነው። ግራጁዌሽኔ ላይ እንደ ሕፃን ያለቀሰው ጋሼ ነው። ያ ሰውዬ የት ነበር?"

"ቅርብ ነበር።"

"ቅርብ? የት ቅርብ? ዩኒየን ሲቲ? ሳን ሆዜ? በባርት ባቡር መምጣት አቅቶት?"

ገዛኸኝ ቧንቧ ከፍቶ ፊቱን ታጠበ። "ሽንኩርቱ ነው" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

"ጋሼ፣ ሴይ ሳምቲንግ!"

"እናትሽ ያለችው ነው።"

"እንግዲያውስ ስሙ። ያ ሰው ቤተ ክርስቲያን ድርሽ ካለ በሕዝብ ፊት አዋርደዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እኔንም ልጆቼንም አታዩንም።"

ፀዳለ ከዚህች ልጅ ሌላ ልጅ የላትም፤ ያለ የልጅ ልጆቿም መዋል አትችልም። ቢሆንም አንገቷን አልደፋችም።

"ነይና አዋርጂው" አለች። "ብቻ እንዳትቀሪ።"

በቀጠሮው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ወሬው ቀድሟል። "ቤቷን ሊበላ የመጣ አጭበርባሪ ነው" ያለ አለ፤ "ኧረ ግሪን ካርድ ፈላጊ ነው" ያለም አለ። በስልሳ አራት ዓመቷ ምን ነካት ብሎ ያዘነላትም አልጠፋም።

ዮዲ ከሴቶቹ በኩል ቆማ የወንዶቹን ረድፍ አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃቸው ናቸው። ባዕድ ፊት የለም። ፈሪ! አልመጣም ማለት ነው። ለእናቷ አዘነች፤ እፎይም አለች።

ቄሱ በክርስትና ስም ጠሩ። የክርስትና ስምን ደግሞ ከባለቤቱ በቀር ማን ያውቃል?

"ወለተ ማርያምና ኃይለ ገብርኤል፣ ቅረቡ።"

ፀዳለ ግራ ቀኝ ሳታይ፣ ቀጥ ብላ ወጣች። ከወንዶቹ በኩል የተነቃነቀው ገዛኸኝ ብቻ ነው። ነጠላውን አስተካክሎ ወደ እሷ ሄደ። ጎሽ! አለች ዮዲ በልቧ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ ጤነኛ አልጠፋም፣ ሊያስቆማት ነው።

ልታግዘው ተከትላ ወጣች።

"ጋሼ፣ በቃ ወደ ቤት ውሰዳት። ሰውየው የለም።"

ጋሼዋ የፀዳለን እጅ እንደያዘ፣ ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ዮዲዬ፣ አጎትሽን ገዛኸኝን ገዳሪፍ በእጄ ቀብሬ፣ በስሙ እዚህ አገር ገባሁ፤ ደምመላሽ እኔ ነኝ።"