ወር በገባ ቁጥር ውሃ የሚያስመረምሩት አባባ

"አባባ፣ ዛሬም ውሃ ይዘው መጡ?!"

ናሙና ተቀባዩ ሳቁን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም...

ሽማግሌው ጠርሙሷን በሁለት እጃቸው መስኮቱ ላይ አስቀመጡለት።

ቦታው የመንግሥት ላቦራቶሪ ነው። ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ ሽሮፑ... ሰው አፍ ከመግባቱ በፊት የሚፈተሽበት። ጉዳይ ከሌለው ማንም ዝር አይልበትም።

እሳቸው ግን ወር በገባ ቁጥር ከግቢያቸው የውሃ ጉድጓድ ቀድተው ይመጣሉ።

ውጤት ሊወስዱ ሲመለሱ፣ ውሃውን የምትመረምረው ባለሙያ ራሷ ትወጣላቸዋለች።

"ንጹህ ነው አባባ። ምን ያደክምዎታል?"

"ተመስገን... አንቺስ ደህና ነሽ ልጄ?"

ስለ ጉልበታቸው ያወሯታል። ስለ ዝናቡ... ደሞ ስለ ጉልበታቸው። ለመሄድ አይቸኩሉም። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸውም በየፊናቸው ሄደዋል።

ባልደረቦቿ "ሞት ፈሪው" ይሏቸዋል። እውነት ለመናገር፣ እሷም በልቧ እንደዚያው ታስብ ነበር...

አንድ ቀን ውሃው ውስጥ ነዳጅ አገኘች።

ደግማ መረመረች። ያው ነው!

ወዲያው ደወለችላቸው።

"አባባ፣ ከዚያ ውሃ እንዳይጠጡ! ጠብታ እንኳ!"



"እኔንማ ሐኪም ከከለከለኝ ቆይቷል ልጄ። የታሸገ ነው የምጠጣው።"

"ታዲያ ማን ነው የሚጠጣው?"

"ሰፈሩ።"

ስልኩ ተዘጋ።

የመሥሪያ ቤቱን መኪና አስነስታ ቤታቸው ስትደርስ በራቸው ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ከአጥሩ ወደ መንገዱ የወጣ ቧንቧ አለ... የመንደሩ ውሃ ሲጠፋ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ የሚመጣው እዚያ ነው። ሽማግሌው ዘግተውታል።

"ስስታም!"

"ተበክሏል ይለናል እንዴ? ሊሸጥልን አስቦ ነው እንጂ!"

አንዱ በሩን በእርግጫ መታው።

ባለሙያዋ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ መሃል ቆመች።

"ከላቦራቶሪ ነው የመጣሁት! ውሃው ነዳጅ ገብቶበታል። በየወሩ ሲያስመረምሩላችሁ የኖሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው እኮ ራሳቸው አይጠጡትም፤ ለእናንተ ብለው ነው!"



ሕፃን ያዘለች እናት ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች።

"ለመሆኑ... ስማቸው ማን ነው?"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያን ሁሉ ዘመን ከአጥራቸው ሲቀዳ ስማቸውን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም!

ባለሙያዋ በጆሮዋ ነገረቻት። ሴትየዋ ሄዳ በሩን ቀስ አድርጋ አንኳኳች፤ በስማቸውም ጠራቻቸው።

ከውስጥ ኮቴ ተሰማ... ቆመ።

"ለውሃ ከሆነ... ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አልከፍትም።"

"ለውሃ አይደለም አባባ። ልጠይቅዎት ነው።"

በሩ ለመከፈት ብዙ ቆየ። ሲከፈት ሽማግሌው በእጃቸው "ግቡ" አሉ... ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ነዳጁን የሚያፈሰው የሰፈሩ ማደያ ታንክ በኋላ ተገኝቶ ታሸገ። አንድም ልጅ አልታመመም።

ወዳጆቼ... ሳንታመም የዋልነው ዝም ብለን አይደለም። አንድ የማናውቀው ሰው ጠርሙስ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሌላ የማናውቀው ሰው ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ አጎንብሶ ይመረምራል። ሁለቱንም "እንዴት ዋላችሁ" የሚላቸው የለም።

እስቲ እውነቱን... በእናንተ ሰፈር በሩን አንኳኩታችሁ የማታውቁት፣ ስሙን እንኳ ያልጠየቃችሁት ሰው ማን ነው? 👇