የካንዴላው ቀዳዳ

መካኒኩ አሮጌ ሞተር ሳይክል እየገዛ፣ እያደሰ ሲሸጥ የኖረ፣ ሰው ማመን ካቆመ የቆየ ነው። ሻጩ ደግሞ ዓይኑን በጨው የታጠበ።

«ሞተሩ ኦሪጅናል ነው፤ እጅ አልነካውም» አለ ሻጩ።

«ለቀባሪው አረዱት! የቡሎኖቹ ጭንቅላት ተፋፍቆ እያየሁ?»

መካኒኩ የሞተሩን ቁጥር በናፍጣ ጠርጎ ከሻንሲው ቁጥር ጋር አስተያየው። አንድ ነው። ይሄ ይብሱን አናደደው። ሌባ የፈለገውን ቁጥር ይቀርጻል፤ ከወዳደቀ ዕቃ የተገጣጠመ ሞተር ግን አየር አይዝም። ከሞተሩ አናት ላይ ካንዴላውን ፈታና ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፈነ።

«እርገጥ!»

ሻጩ እያጉረመረመ ሞተር ሳይክሉ ላይ ወጥቶ መርገጫውን ረገጠ። አየሩ የመካኒኩን ጣት ገፋው። ጉልበት አለው። ደግሞ ገፋው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ሳበው። አየሩ ሞቃት ነው፣ እርጥበትም አለው።

«በቃ፣ አቁም!» አለ መካኒኩ ከቀዳዳው ዓይኑን ሳያነሳ።

«ከወረድኩ ቆየሁ እኮ» የሚል ድምፅ ከጋራዡ በር በኩል መጣ።

ቀና አለ። ሻጩ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። መርገጫው አይንቀሳቀስም። ከጣቱ ሥር አየሩ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ።

«ኦሪጅናሉን አይደል የፈለግከው?» አለ ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በል አሁን ጣትህን ቀስ ብለህ አውጣ። ሳይነቃ።»